ከጊቤ ውሃ በታች የዳሰስሁት

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ጵርስቅላ
ድሬዳዋ

ይህ ወረቀት በጭቃውና በባቡሩ ተጉዞ እጅሽ እስኪገባ ድረስ ሰላምታዬ ቀድሞት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንደምን ነው? ጨቅላው እንዴት ነው? ሌሊት ያስተኛሻል ወይስ እንደ እናቱ ቤቱን ሁሉ ካላስነሣ አይሆንለትም? ልጅሽ ትርፊትስ ፊደል ጀመረች? የድሬዳዋ ሙቀትና ወባ እንዴት ይዘዋችኋል? በዚህ በኩል እናታችን ደህና ናት። ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷን ይዟት ነበር፤ አሁን ግን እንሰቱን እኔ ካልፋቅሁት ማን ይፍቀዋል እያለች ትቆጣናለች። አባታችንም ደህና ነው፤ ያ የከረመ ሳሉ ለቆታል። እኅታችን ዓለሚቱ ላሟ ወንድ ጥጃ ወለደችባትና የላሟን ጥፋት በእኛ ላይ እየተወጣች ነው።

እኔም በሕይወት አለሁ። ሁልጊዜ እንደምጽፍልሽ እጅግ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢው። ጎረቤትሽን ወይዘሮ አሰገደችን ጥሪያትና አጠገብሽ ትቀመጥ፤ ሕፃኑንም እርሷ ትያዝልሽ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝና አውቃለሁ። ይህ መርዶ አይደለም። ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።

አማትሽ አቶ ላምቤቦ፣ ጥሩሰው ወንዝ ላይ አደጋ ደርሶበት ጠፍቷል፣ እየተፈለገ ነው ብለው ቴሌግራም እንደላኩልሽ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ነገሩን ዘርዝሮ አልጻፈልሽም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። ባለቤትሽ ከጥቅምት ጀምሮ ከጊምቢቹ ቁልቁል በሚሠራው ድልድይ የሞተር ሠራተኛ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ድልድዩ ገና ሁለት ምሰሶ ብቻ ነው የቆመለት። በምሰሶዎቹ መካከል ሰውና ሲሚንቶ የሚያመላልስ፣ በባዶ በርሜሎች ላይ ሳንቃ ተመትቶ የተሠራ ታንኳ ነበረ፤ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ ይሳባል። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በሸለቆው ውስጥ ነፋስና ዝናብ ድንገት ተነሣ። የብረት ገመዱ ተበጠሰ፤ ታንኳው ከነሞተሩ ተገለበጠና በሁለተኛው ምሰሶ ሥር ሰጠመ። ሌሎቹ እየዋኙም እየተጎተቱም ወጡ። ሁለት ሰዎች ግን አልወጡም፤ አንዱ ጥሩሰው ነው፤ ሁለተኛው ዳኘ የሚባል በያጅ ነው።

ዳኘ እዚሁ ሆሳዕና ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሸዋ መጥተው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ። የእርሱ ቤተ ሰቦች ወንዙ ድረስ ወርደው አይተው፣ ፍትሐቱን አስፈትተው፣ ለቅሷቸውን ተቀምጠው ተነሥተዋል። በእኛ በኩል ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። አደጋው በደረሰ በማግስቱ ከማዶ ገበያ የመጣ አንድ ሰው፣ ልብሱ የራሰ ሰው በጫካው ጥግ ሲሄድ አየሁ ብሎ አወራ። ሰውየውን ፈልጌ ጠየቅሁት። ከሩቅ ነው ያየሁት፣ ዝናብም ነበር፣ ያን ቀን ያልራሰ ማን ነበረ ብሎ መለሰልኝ። አቶ ላምቤቦ ግን የያዙት የፊተኛውን ቃል ነው። የአንቺም ቴሌግራም ሰው በዓይኑ ሳያየው እንዳይለቀስ የሚል ሆኖ ሲመጣ፣ ለመጣ ሁሉ ያስነብቡት ጀመር። ሊያለቅሱ የመጡ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ከደጃፋቸው ተመለሱ። በዚያ ግቢ ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይስቅም። ሰው እየገባ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዝም ብሎ ይወጣል። እንደዚህ ያለ ሐዘን አይቼ አላውቅም።

አንቺ ሥራዬን በውል አታውቂውም። ባሕር ኃይል ገባ ሲሉሽ መርከብ ላይ ቆሜ ሰላምታ የምሰጥ ይመስልሽ ነበር። ምጽዋ ያስተማሩኝ ጠላቂነት ነው። የታመቀ አየር የሞላ የብረት ሲሊንደር በጀርባዬ እሸከማለሁ፤ ከእርሱ የሚመጣው ጎማ አፌ ውስጥ ይገባል፤ በእርሱ እየተነፈስሁ ከውሃ በታች እሠራለሁ። ምጽዋ ባሕሩ ጸጥ ሲል የገዛ ጥላዬን ከሥር አሸዋው ላይ አየው ነበር። ነፋስ ሲነሣ ግን ማዕበሉ አሸዋውን ከታች ይበጠብጠውና ትንሽ ቀደም ብሎ ሲታየኝ የነበረው ጓደኛዬ አጠገቤ ሆኖ ይጠፋብኛል። አለቃችን በዚያን ጊዜ የሚለን ነገር ነበረ፤ ዓይናችሁ ሲጋረድ ቀድሞ የሚዋሻችሁ ልባችሁ ነውና ገመዳችሁን እመኑ ይለን ነበር። ጡረታ ሳልደርስ ወጥቼ ወደ አገሬ ስመለስ የድልድዩ ሰዎች የምሰሶዎቹን መሠረት እንድመረምርላቸው የቀጠሩኝ በዚሁ ሙያዬ ነው።

በጥርና በየካቲት ስወርድ ጊቤ አረንጓዴ ነበረ። ሁለት ሰው ተጋድሞ የሚሞላውን ያህል ርቀት አይ ነበር፤ ዓሣ ሲያልፍ ሆዱ ያበራል። ግንቦት ላይ በላይ አገር መዝነብ ሲጀምር ውሃው ደፈረሰ። እማዬ ቡላ ስትጨምቅ ውሃው ነጭ ሆኖ ቆይቶ፣ ቢተዉት እንደሚጠራ ታውቂዋለሽ። እኔም ይህ ይጠራል እያልሁ እጠብቅ ነበር። አልጠራም፤ ከላይ ሌላ ይመጣበታል። በጣም የሚያስፈራው ደግሞ እዚህ እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ እኛ ያላየነው ዝናብ ውሃችንን የሚያጠቁረው ነው። አዞውንስ አላነሣብሽም። ፖሊሱ ወልደሰንበት ጠመንጃውን ይዞ ዳር ይቆምልኛል፤ እስካሁን የተኮሰው ግንድ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት አቶ ላምቤቦ ከሽማግሌዎች ጋር በበቅሎ ወንዙ ድረስ ወረዱ። ያንን ቁልቁለት ጎልማሳም አይደፍረው። ከበቅሎዋ ወርደው እጄን ያዙና፣ ልጄን ወይ ከነሕይወቱ ወይ ከነሬሳው አምጣልኝ፣ በሁለቱ መካከል አታቁመኝ አሉኝ። ሽማግሌ እንዲህ ሲል ምን ይመለሳል? እሺ አልሁ። የድልድዩ ኢንጂነር በዚህ ውሃ አይወረድም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ በኋላ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ እርሱም እቃውን ሰጠኝ።

ሐሙስ ማለዳ ወረድሁ። ከእኛ በላይ ያለው ሰማይ ንጹሕ ነበረ፤ በስተ ሰሜን ግን በተራሮቹ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጦ አይነቃነቅም። ጉማሬዎቹ በዚያ ብርሃን ከውሃው ወጥተው ሣሩ ውስጥ ቆመዋል። የወንዝ ዳር ሰዎች ይህን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ የሚሉኝን ብሰማ ልቤ ይከዳኛል ብዬ ፈራሁ።

ገመዴን የያዙልኝ ወንጌላዊ ማቴዎስ ናቸው። አንቺንና ጥሩሰውን ያጋቧችሁ፣ መዝሙር ሲያወጡ የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጠው። የመረጥኋቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ እጃቸው ብርቱ ነው፣ አይጠጡም፣ ወሬ አያታልላቸውም። ገመዱን ዛፍ ላይ አትሰሩት፣ ዛፍ ስስበው አይሰማኝም፣ በእጅ ይያዝ አልሁ። አንድ ጊዜ ብስብ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ብስብ ገመድ ይጨመርልኝ፤ ደጋግሜ ብስብ አውጡኝ። ወንጌላዊው እንደ ጥቅስ በቃላቸው ያዙት። ሳልነግራቸው የቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እርሱንም መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ገባሁ። ከላይ ቡናማ ብርሃን አለ። መዳፌን መነጽሬ ፊት ሳደርገው ጣቶቼ ይታዩኛል፤ ክንዴን ስዘረጋው ግን ከአንጓዬ ወዲያ የለም። የምሰሶውን ብረት እየጨበጥሁ ወረድሁ። ታች ስደርስ ጭራሽ ጨለመ፤ ዓይኔን ብገልጠውም ብጨፍነውም አንድ ሆነ። የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽና ከእግሬ ሥር የሚንከባለለው ጠጠር ብቻ ነው፤ ሰው በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ታንኳውን በእጄ አገኘሁት። በርሜል፣ ደግሞ በርሜል፣ የተሰበረ ሳንቃ፣ ከዚያ የተበጠሰው የብረት ገመድ። ገመዱን ተከትዬ በታንኳውና በምሰሶው መካከል ባለው ጠባብ ቦታ እጄን ሰደድሁ። ልብስ ነካሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ በይ፣ እትዬ።

ሰው ነው። በደረቱ ተደፍቷል፤ የብረት ገመዱ ወገቡን ከታንኳው ጋር አጣብቆ ይዞታል። ወደ ፊቱ እጄን ልሰድ ብሞክር ሳንቃው አላሳለፈኝም። ቀበቶውን አገኘሁ። ከቀበቶው ወደ ታች ስዳስስ ጭኑ ላይ ኪስ አለ። የድልድዩ ካምፕ የሚያድለው ካኪ ሱሪ እዚያ ቦታ ኪስ የለውም፤ እኔም እለብሰዋለሁና አውቀዋለሁ። ይህ ኪስ ከወፍራም ሸራ ተቆርጦ ከላይ የተሰፋ ነው። ክዳን አለው፤ ክዳኑም የሚዘጋው በቁልፍ አይደለም፣ ከጨርቅ በተቋጠረ እምቡጥ ነው። እምቡጡን በሁለት ጣቴ ይዤ ቆየሁ። ስፌቱ ሁለት ጊዜ የተደረበ እንደሆነ በጥፍሬ ለየሁት።

አንቺ እንደዚያ ያለ እምቡጥ እንደምትቋጥሪ አውቃለሁ። ጥሩሰውም መፍቻውን ኪሱ እየከተተ ሱሪ እንደሚቀድ፣ አንቺም በዚህ እንደምትጨቃጨቂው እናስታውሳለን። ነገር ግን ሆሳዕና ሚስዮን ስፌት የተማራችሁ ሁላችሁ ከአንዲት ፈረንጅ ነው የተማራችሁት፤ ከዚህ እስከ ጊምቢቹ ግማሹ ሴት እንደ አንቺ ይቋጥራል። ዳኘም በያጅ ነው፤ እርሱም መሣሪያ ይይዛል፤ ልብሱንም ገበያ ላይ ያሰፋ ነበር። ስለዚህ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ልቤ ጥሩሰው ነው ሲለኝ፣ ልቤን አላመንሁትም።

የብረት ገመዱን ከወገቡ ለማላቀቅ እየታገልሁ ሳለሁ ውሃው ድንገት ቀዘቀዘ፤ ከበደም። ከሥር ይንከባለል የነበረው ጠጠር አሁን ድንጋይ ሆነ። ጎርፉ መድረሱን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። በአንድ እጄ የሰውየውን ቀበቶ እንደያዝሁ በሌላው ገመዴን ደጋግሜ ሳብሁ። ገመዱ እሺ ብሎ መጣልኝ። ደግሜ ሳብሁት፤ ደግሞ መጣ። ከወዲያ ጫፍ ሰው የለም። የላላውን ገመድ ጎርፉ ወስዶ ታንኳው ላይ ጠመጠመው፤ እኔንም አብሮ ያስረኝ ጀመር። ቢላዬን አውጥቼ ቈረጥሁት። በአንድ እጅ ከዚያ ቦታ መውጣት አይቻልም። ቀበቶውን ለቀቅሁ። ይህን የምጽፍልሽ ይቅር በዪኝ እንድልሽ አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ነው።

ወደ ላይ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። የትንፋሼ አረፋ ጆሮዬን እየነካ ወዴት እንደሚሄድ አዳመጥሁና ተከተልሁት። ብቅ ስል ጭድና ቅርንጫፍ በሞላው ውሃ ላይ ነኝ፤ ከገባሁበት ቦታ ብዙ ርቄ ወርጃለሁ። የሾላ ሥር ይዤ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። እትዬ፣ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። ወንጌላዊ ማቴዎስ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ስለ እኔ ይለምናሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። የጎርፉ ራስ ጭዱን እየገፋ ሲመጣ ሴቶቹ ጮኹ፤ ሰው ደነገጠ፤ ወንጌላዊው እንጸልይ አሉ። በእኛ ጸሎት ቤት ደግሞ ገመድ ይዞ የሚጸልይ ማን አለ? ልጅ ሆነን በጸሎት ሰዓት ዓይኑን ገልጦ የተገኘ ጆሮውን ይቆነጠጥ አልነበረም? ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩንንም አደረጉ። ያልነገርኋቸውም ይኸው ነው፤ በፍርሃት ጊዜ አትጸልዩ ብሎ ለወንጌላዊ የሚናገር ማን ነው? ወልደሰንበት ብቻ ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኑን ሳይጨፍን ቆሞ ነበር። ቋንቋችንን አይሰማምና ጸሎቱ ገና የሚጀመር መስሎት ነበር፤ ሳያልቅ አየኝ። ሮጦ ቅርንጫፍ ወርውሮ ያወጣኝ እርሱ ነው። አሁን ወልደሰንበት ያዳነህ ያልተጨፈነ ዓይን ነው ይለኛል፤ ሌሎቹ ያዳነህ ጸሎቱ ነው ይሉኛል። እኔ ለሁለቱም አሜን ብያለሁ። ወንጌላዊው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በውል እህል አልቀመሱም። መዳፋቸውን እያገላበጡ ያዩታል። አልተቀየምኋቸውም፤ ለእኅትህ ንገርልኝ ስላሉኝ ይኸው ነግሬሻለሁ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ከአቶ ላምቤቦ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ያየኸውን ተናገር አሉኝ። ያየሁት ነገር የለም፣ የዳሰስሁት ግን አለ ብዬ ነገርኋቸው። አቶ ላምቤቦ ልጄ በጣት ተዳስሶ አይለቀስለትም አሉ። አንድ ሽማግሌ ቀበል አድርገው፣ ይስሐቅም ልጁን ዳስሶ ነበር፣ አባት ሆኖም ተሳሳተ አሉ። ቀጥለው አቶ ላምቤቦ በሰው ሁሉ ፊት፣ አንተ ወንድሟ ነህ፣ ውሃው አስፈርቶህ ዳግመኛ ላለመውረድ ስትል እኅትህን ጥቁር ልታለብሳት ነው አሉኝ። ተቆጣሁ ብልሽ ውሸት ነው። ውሃው በእውነት አስፈርቶኛል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ ፈረዱ። በድንበር ክርክር ጊዜ ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ተለይተው እንደሚጠየቁ ታውቂያለሽ፤ አንዱ ያለውን ሌላው ሳይሰማ። እንደዚያው ይሁን አሉ። ለብቻዬ ወስደው ኪሱ በየትኛው ጭን ላይ እንደነበረ ጠየቁኝ፤ ሰውየው ተደፍቶ ስለነበረ ግራና ቀኙን ደጋግሜ በራሴ ገላ ላይ አስልቼ በጆሯቸው ነገርኋቸው። አቶ ላምቤቦም ወንጌላዊውም አልሰሙም። ሁለተኛዋ ምስክር አንቺ ነሽ። ቃልሽ ከቃሌ ከተስማማ ያን ቀን ለቅሶው ይነሣል። ካልተስማማ፣ ወይም እንዲህ ያለ ኪስ አልሰፋሁለትም ካልሽ፣ ያ ሰው ጥሩሰው አይደለምና ፍለጋው ይቀጥላል። እኔም በሽማግሌዎች ፊት እንደገና ልወርድ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አባታችን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ቃል ስሰጥ እጁን ጉልበቴ ላይ ጫነ፤ አልከለከለኝም።

ካምፑ ለክረምት ይዘጋል። ኢንጂነሩ እቃውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው በሚመጣው ሰኞ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነው። ከዚያ በኋላ ጎርፉ ታንኳውን ገፍቶ ይወስደዋል፤ ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጠራ የሚታይ ነገር አይኖርም። ትናንት ወደ ወንዙ ወርጄ ነበር። የውሃው ድንበር ብዬ የተከልሁት እንጨት ተውጧል። እጄን ውሃው ውስጥ ባስገባ ከውሃው ገጽ በታች ጣቶቼ አልታዩኝም። ከላይ ዳር እንዲህ ከሆነ ታች እንዴት እንደሚሆን ገምቺው። ምጽዋ በነበርሁበት ዘመን ሁሉ ያልፈራሁትን ያህል ፈርቻለሁ።

ይህን የነገርሁሽ እንድታዝኚልኝ ብቻ አይደለም፤ ቃልሽ ምን እንደሚያመጣ ሳታውቂ እንዳትመልሺ ብዬ ነው። ኪሱ የነበረበትን ጭን ለአንቺ አልጽፍልሽም። ስጀምር ልጽፈው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ነው የምልሽ። ግን ጽፌልሽ ብትስማሚ፣ ያለቀስንለት ሰው ማን እንደሆነ ከእኛ ከሁለታችን በቀር ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ዕድሜያችንን ሁሉ ስንጠራጠር እንኖራለን። ጥሩሰው ማዶ ቆስሎ ተኝቶ እንደሆነ በሕይወቱ እንቀብረዋለን። ስለዚህ ለእኔ ስትዪ አትገምቺ፤ ተስፋ ለማድረግ ስትዪም አትካጂ። የሰፋሽበትን ቀን አስቢ፤ ሱሪው ጉልበትሽ ላይ እንዴት ተዘርግቶ እንደነበረ፣ መርፌው ከየት ወደ የት ይሄድ እንደነበረ። እጅሽ ይነግርሻል። የማታስታውሺ ከሆነም አላውቅም ብለሽ ላኪ፤ አላውቅም ነውር አይደለም። ያኔም እወርዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጸሎት ቤታችን ሰው ነው፤ ለንግድ ወደ ሐረር የሚያልፍ ነው። እጅሽ ላይ ሰጥቶ መልሱን እስክትልኪ እንዲጠብቅ አደራ ብየዋለሁ። ቴሌግራሙን በእኔ ስም አትላኪው። ሆሳዕና ለአቶ ላምቤቦ ብለሽ ላኪ፤ ፈረሰኛ ተቀብሎ ወደ ቤታቸው ይዞት ይወጣል፤ ሽማግሌዎችም እዚያው ይጠብቁታል።

ትርፊትን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጨቅላውን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ስም ሳይወጣለት እንዲህ መክረሙ ያሳዝነኛል። ወይዘሮ አሰገደች እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት፤ ይህን ስታነቢ አጠገብሽ ስለሆነች ውለታዋ ከባድ ነው። እናታችን ሰላም ትልሻለች፤ የምጽፈውን አላነበብሁላትም፣ ግን ከተቀመጥሁ ጀምሮ ከበሩ አልራቀችም። አባታችን ሰላም ይልሻል። ዓለሚቱ ሰላም ትልሻለች፤ ከሁሉ በላይ ናፍቄሻለሁ በልልኝ ብላለች። ወንጌላዊ ማቴዎስ ሰላም ይሉሻል። በየደብዳቤው ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው አንድ ስም ነበረ፤ ዛሬ የት እንደማስገባው አላወቅሁም።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዙ ዳር እሆናለሁ። የአቶ ላምቤቦ ቤት ከወንዙ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ከዚያ የሚነሣ ድምፅ እስከ ውሃው ይሰማል። ሲሊንደሩን አዝዬ፣ ፊቴን ወደ አፋፉ አዙሬ፣ ፀሐይ ውሃው ላይ እስክታርፍ እቆማለሁ። ለቅሶ ከሰማሁ እቃዬን ፈትቼ አብሬሽ አለቅሳለሁ። ዝም ካለ እገባለሁ።

ወንድምሽ ብዙነህ
ሆሳዕና፣ ሐምሌ ፲ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.